ረቡዕ ረቡዕ የሚያስለው ጋኔን

ጋኔን ማታ ነው የሚወጣው የሚል ሰው የእኛን ሰፈር ጋኔን አያውቀውም። የእኛው ረቡዕ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይገባል፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል። ሰኞ ቢሄዱ የለም፤ በዓል ከሆነም የለም። ማደሪያው ከኮረብታው ሥር ያለው አሮጌው የሕፃናት ማሳደጊያ ነው፤ ቤቱ ከተዘጋ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሰዉ የሙት ልጆች ነፍስ ታለቅሳለች ይላል እንጂ፣ ጆሮውን ጥሎ የሰማ ሁሉ የሚመሰክረው ስለ ለቅሶ ሳይሆን ስለ ሳል ነው። ወፍራም፣ ራሱን የሚያከብር ሰው ሳል ነው አሉ።

"ይሄ ጋኔን የመንግሥት ሠራተኛ ነው እንዴ፣ የሥራ ሰዓት የሚያከብረው?" አልኩት አለቃዬን።

"የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆንማ በሰዓቱ አይገባም ነበር" አለኝ።

አለቃዬ ወደዚያ ሊልከኝ ነው። ሥራዬ ቅየሳ ነው፤ ቤትና መሬት እለካለሁ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሜትሯ ይሉኛል። ማሳደጊያው ታድሶ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ስለሆነ ክፍሎቹ መለካት አለባቸው። አብረውኝ ከሚሠሩት ሁለት ወንዶች አንዱን ወዲያው ወገቡን አመመው፣ ሌላው ደግሞ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት አለ።

"እና ምን አገናኘው?" አልኩት።

"ድንጋጤ ጥሩ አይደለም።"

"ለሷ?"

"ለኔ" አለና ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

"ብቻሽን አልልክሽም" አለ አለቃዬ። "የዛገውን በር የሚከፍትልሽ አናጢ ቀጥሬያለሁ። እዚያው ነው ያደገው አሉ፣ ጓዳ ጎድጓዳውን ያውቀዋል።"

ይሄን ሲል ጋኔኑን ረሳሁት። በዚህ ከተማ እዚያ ቤት ያደገ አናጢ አንድ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ዳግመኛ ዐይኑን አላይም ብዬ የማልኩት ገና ሦስት ሳምንቴ ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ዓምድ ያነበባችሁኝ ታውቁታላችሁ። ላላነበባችሁኝ ልንገራችሁ፤ ይህ ሰው ለመሥሪያ ቤታችን መደርደሪያ ሊሠራ መጥቶ የሁለት ቀን ሥራ ላይ ግማሽ ወር የፈጀ ሰው ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እኔ ከወንበሬ በተነሳሁ ቁጥር ዐይኑ ይከተለኝና ሚስማሩን ትቶ አውራ ጣቱን ይመታል። በመጨረሻ ጣቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ፣ ነገሩም በዚያው ተጀመረ። አንድ ዓመት ተዋደድን። ከዚያ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ቤታችን መጣና አባዬን ጠየቀ። አባዬም "በጽሑፍ እናሳውቅሃለን" ብሎ ሸኘው። ከዚያ ቀን ወዲህ አናጢው ድምፁን አጠፋ። አልደወለም፣ በደጃችንም አላለፈም። እኔም ኩራት አለኝና አልደወልኩም። ትራሴን ግን ደህና አድርጌ ነው የረገምኩት።

አባዬንም ማወቅ አለባችሁ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አምስት ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። የከተማው ሰው ልደትና ሞት፣ ውልና ክርክር በእጁ አልፏል። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ ዘሩን ይጠይቀዋል። የራሱን የዘር ሐረግ ደግሞ እስከ ሰባት ትውልድ ሳይተነፍስ ይቆጥራል። አራተኛው ላይ ሲደርስ እማዬ "ምሳው ይቀዘቅዛል" እያለች ነው የምታስቆመው። እንዲህ ላለ ሰው ነው እንግዲህ ወላጆቹን የማያውቅ ልጅ፣ ልጅህን ስጠኝ ያለው።

ረቡዕ ጠዋት ማሳደጊያው በር ላይ ስደርስ አናጢው የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ቆሟል። የአካባቢው ዘበኛም አለ፤ ከበሩ አሥር እርምጃ ርቆ።

"እንደምን አደርሽ" አለ አናጢው፣ መሬት መሬት እያየ።

"እግዜር ይመስገን። መዶሻ ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"እንግዲያው ሥራችንን እንሥራ" አልኩ። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ የቀበሌ ስብሰባ የምመራ አስመሰልኩት።

"እኔ እስከዚህ ነኝ" አለ ዘበኛው። "ከጮኻችሁ እሰማለሁ። ለመምጣት ግን ቃል አልገባም።"

ሜትር ብቻውን አይለካም፤ አንዱን ጫፍ ሌላ ሰው መያዝ አለበት። እሱ በዚያኛው ግድግዳ፣ እኔ በዚህኛው፣ መካከላችን የተወጠረ ብጫ ጥብጣብ። ወጥ ቤቱን ለካን፣ መማሪያ ክፍሉን ለካን። "ስምንት ከሃያ" ይላል፣ "ስምንት ከሃያ" እላለሁ፣ ዐይናችን ይጋጫል፣ እኔ ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ። በኋላ ሳየው የመማሪያ ክፍሉ ስፋት ብዬ የጻፍኩት የሱን ስልክ ቁጥር ነው። እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው ሰውን ጠልቼዋለሁ የምለው።

የመኝታ አዳራሹን በር በትከሻው ገፍቶ ሲከፍተው አርባ የብረት አልጋዎች ተደርድረው አየን። ራስጌያቸው ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ ሁሉም ላይ አቧራ ተኝቷል። አንዱ ግን ንጹሕ ነው። አንሶላው ተወጥሯል፣ ብርድ ልብሱ ተጣጥፏል፣ ሥሩ ያለው ወለል ታጥቦ ያበራል። ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ነው። አናጢው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ምነው?" አልኩት።

"ይሄ የኔ አልጋ ነው።"

ኩራቴን እዚያው ጥዬ ክንዱን ያዝኩት። እሱም ክንዱን አልነጠቀኝም።

"እዚህ ቤት ሁሉ ነገር ቁጥር ነበረው" አለኝ ቀስ ብሎ። "አልጋው፣ ማንኪያው፣ ኮት መስቀያው። ትልቁ ልጅ አድጎ ሲወጣ ቁጥሩን ለሚመጣው ይለቃል። ሲወጣ ደግሞ ለማያውቀው ልጅ ደብዳቤ ጽፎ ፍራሹ ሥር ይተዋል። ያ ሰው የአልጋ ወንድምሽ ይባላል። የሠላሳ አንድን ደብዳቤ ግን ማንም በሌላ አልለወጠውም፤ ከኔ በፊት ሁለት ልጆች አሳድጓል። እኔ የመጨረሻው ስለነበርኩ ይዤው ወጣሁ።"

ከኪሱ ቦርሳ ውስጥ የወየበ ወረቀት አወጣ። እጥፋቱ በፕላስተር ተጠግኗል። አነበበልኝ፤ ማንበብ እንኳን አይባልም፣ በቃሉ ነው የወጣው።

"ሠላሳ አንድ ሆይ፣ ሾርባ ሲታደል መጨረሻ ተሰለፍ፤ ወፍራሙ ከታች ነው የሚቀረው። አልጋዋ በግራ በኩል ትጮኻለች፣ በቀኝህ ተኛ። ማልቀስ ካማረህ አልቅስና ትራሱን ገልብጠው፣ ጠዋት ማንም አያውቅብህም። ወንድም የለህም ቢሉህ አትመን። እኔ አለሁልህ። የት እንዳለሁ ግን አልነግርህም፣ ገና እኔም አላውቀውም።"

አንጀቴን በላው። አንጀቴን ሲበላው ደግሞ ንዴቴ ይመጣል፣ ተፈጥሮዬ ነው።

"እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያሳደገህ ሰው፣ እኔን እንዴት አንድ ቃል እንኳ ሳትተነፍስ ትተወኛለህ?"

"እኔ?" አለ። "አንቺ ነሽ እንጂ ዝም ያልሽው። ግልባጩ ደርሶሽ የለ?"

"የምን ግልባጭ?"

ከሌላኛው ኪሱ ሌላ ወረቀት አወጣ። ይኼኛው ነጭ ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ ከግርጌው ማኅተም ያለው። የአባዬን ጽሑፍ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም።

"ጉዳዩ፦ የጋብቻ ጥያቄን ይመለከታል" ይላል። "ያቀረቡት ጥያቄ በጥንቃቄ ተመርምሯል። ይሁን እንጂ አመልካቹ የአባትና የአያት ማስረጃ አሟልተው ባለመቅረባቸው ጥያቄው ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እንገልጻለን። ሥር የሌለው ዛፍ ጥላ የለውም። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለባለቤቴ፣ ለልጄ፣ ለፋይል።"

"ለልጄ ይላል" አለ አናጢው። "አንብበሽ ዝም ካልሽ ተስማምተሻል ማለት ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ስቃጠል ከረምኩ።"

"አንተ ሰው፣ በግልባጭ ታምናለህ? ዕድሜህን ሙሉ ግልባጭ ለባለቤቱ ሲደርስ አይተህ ታውቃለህ?"

መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ከዚያ እኔን አየ። ቀጥሎ ሳቁ መጣ፣ የኔም መጣ፣ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ዕንባዬ። ሦስት ሳምንት ያለቀስኩት ለፋይል በገባ ወረቀት ነው። ክንዱን እንደያዝኩ ነበር፣ እሱም ፊቴን በሻካራ መዳፉ ሊጠርግልኝ ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ነው ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል ሳል የተሰማው።

ወፍራም፣ ራሱን የሚያከብር ሰው ሳል። አናጢው መዶሻውን አነሳ። እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ፤ ከዚያ ሳል ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ቁርስ በልቻለሁ።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተና አባቴ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፣ ባዶ እግሩን ነው፣ ክራቫቱን እንዳይረጥብበት ወደ ኋላ ወርውሮታል። በእጁ መወልወያ ይዟል። እኛን አየ፣ እግራችንንም አየ።

"ጫማችሁን አውልቁ" አለ። "አሁን ነው የወለወልኩት።"

አወለቅን። ምን እናድርግ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ አውልቂ ሲለኝ አወልቃለሁ።

"አባዬ" አልኩ ባዶ እግሬን ቆሜ፣ "ረቡዕ ረቡዕ የጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ አለኝ አልነበር የምትለን?"

ግራ ቀኙን አየ። "ዛሬ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም" አለ።

ይህን እንዳለ ዐይኑ አናጢው እጅ ላይ ባለው የወየበ ወረቀት ላይ አረፈ። መወልወያው ከእጁ ወደቀ። ቀረብ አለ፣ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ ግን ማንበብ አላስፈለገውም። "ትራሱን ገልብጠው" አለ ለራሱ፣ "ጠዋት ማንም አያውቅብህም።" ድምፁ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። አባቴን እንዲህ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ ፊቴን አዞርኩ።

አናጢው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የሚደሰት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሁለቱን ደብዳቤዎች አንሶላው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው፣ የወየበውን በግራ፣ ማኅተም ያለውን በቀኝ።

"ማንበብ የተማርኩት በዚህኛው ነው" አለ። "መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ባየሁ ቁጥር ይሄ ይሆን ወንድሜ እያልኩ ነው ያደግኩት። ሙያ የለመድኩት፣ አንድ ቀን ቢያገኘኝ እንዳያፍርብኝ ብዬ ነው። አሁን ሁለቱንም የጻፉት እርስዎ ነዎት። ከሁለቱ የትኛውን ልመን?"

አባዬ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። "ሁለተኛው ማኅተም አለው" ሊል ሞከረ፣ ግን ድምፁ መሀል መንገድ ላይ ከዳው። አልጋ ቁጥር ሠላሳ ላይ፣ አቧራው ላይ ተቀመጠ።

"የመጀመሪያውን እመን" አለ። "በሕይወቴ የጻፍኩት እውነት እሱ ብቻ ነው። ከዚህ እንደወጣሁ ሥራ ልቀጠር ስሄድ ቅጹ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። ባዶ ብተወው ባዶ ቦታ ሆኜ የምቀር መሰለኝ፤ ዋሸሁ። ውሸት ደግሞ አባት ካገኘ አያት ይፈልጋል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰባት አደረስኳቸው። ስዋሽ ደግሞ ይደክመኛል። በጓሮ በር እዚህ ገብቼ ነው በሳምንት ሁለት ሰዓት የማርፈው።"

"ሰባቱን ከየት አመጣሃቸው?" አልኩት።

"ከመዝገብ ቤት። ባለቤት ካጡ ፋይሎች ስማቸው የሚያምረውን መረጥኩ" አለ፣ ዐይኔን እየሸሸ። "አምስተኛው በበግ ስርቆት የተፈረደበት ነው። ስሙ ግን ግርማ ሞገስ ነበረው።"

"የእኔስ ስም? የአያትሽን ስም ነው ያወጣሁልሽ ስትለኝ የኖርከው?"

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ "መሬት ተከራካሪ ነበረች" አለና ሊያጽናናኝ ፈልጎ "ረትታለች ግን" ብሎ ጨመረበት።

ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላውቀውም። አባዬ ግን በዚያ ሁሉ መሀል ግንባሩን ቋጠረ። የመዝገብ ቤት ጭንቅላቱ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

"አንድ ችግር አለ" አለ። "እሱ ወንድሜ ከሆነ፣ አንቺ የወንድሙ ልጅ ነሽ። እንዲህ ያለ ጋብቻ ክልክል ነው።"

"አባዬ፣ ሞቼ ነው ቆሜ? ያኔ ዘር የለውም ብለህ ከለከልከኝ። አሁን ዘመድሽ ነው ብለህ ልትከለክለኝ ነው?"

አናጢው ተነሳ። ሁለቱን ደብዳቤዎች አጥፎ፣ የወየበውን ወደ ኪሱ ከተተ፣ ማኅተም ያለውን ለአባዬ መለሰለት።

"እኔ ያየሁትን ለማንም አልናገርም" አለ። "በሚስጥርዎ አስፈራርቼ ልጅዎን አልወስድም። በውሸት ቤት ውስጥም ገብቼ አማች አልሆንም። እማማ ካላወቁ፣ ለኔም ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።" ይህን ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ዐይኑ ውስጥ ያየሁት ነገር ገደለኝ። ጫማውን በእጁ እንደያዘ በአዳራሹ መሀል እየሄደ ራቀ።

እኔ መጮህ አቃተኝ። ሰውዬውን ባገኘሁት በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሼ ላጣው ነው፣ እሱ ደግሞ ልክ ነው። አባዬ ከኋላው እያየ ቆየ። "እኔም ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ ነበር መውጣት የነበረብኝ" አለ። ከዚያ የግራ ጫማውን በቀኙ አጥልቆ "አንተ ልጅ፣ ቆይ" እያለ ተከትሎት ሮጠ። በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ጫማውን በእጁ የያዘ አንድ ሰው፣ ቀጥሎም ክራቫቱ በጀርባው የተንጠለጠለ ሌላ ሰው ሲወጣ ሲያይ፣ የት እንደገባ እስካሁን አይታወቅም።

ሦስታችንም ቤት ስንደርስ እማዬ ምሳ እያቀረበች ነበር። አባዬ ሳይቀመጥ፣ ከማሳደጊያው ጀምሮ እስከ በግ ሌባው ድረስ ሁሉንም ነገራት። አናጢው በሩ አጠገብ ቆሟል። እማዬ ሳህን እንደያዘች አዳመጠችው።

"እናትህስ?" አለች በመጨረሻ።

"አላውቃትም" አለ።

አባቴ "አላውቅም" ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

"ሠላሳ ዓመት" አለች እማዬ፣ "ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናትህ ያረፈችበት ቀን በመጣ ቁጥር ጥቁር ለብሻለሁ። ደግ ነበረች ስትለኝ አልቅሻለሁ። ማን ናት ያለቀስኩላት?"

እኔ መሬቱን እንደረታች ልነግራት ፈልጌ ምላሴን ነከስኩ።

"ያን ጊዜ እውነቱን ብትነግረኝ እምቢ የምልህ መስሎህ ነው?"

"አዎ።"

"እኔን እንዲያ አድርገህ ነው የገመትከኝ" አለች። የተናደደችው በማሳደጊያው እንዳልሆነ፣ በዚህ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሳህኑን አስቀመጠች። "ውጡልኝ" አለች። "ሁለታችሁም።"

ወጡ። በሩም ተዘጋ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ የሌለ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ ትጠርጋለች። ሁሉም ነገር እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር፣ በሩ ሦስት ጊዜ እስኪንኳኳ ድረስ።

"ማን ልበል?" አለች እማዬ፣ ሳትዞር።

"እንግዳ ነኝ" አለ የአባቴ ድምፅ ከውጭ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጅ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ለወንድሜ። የሚጠይቅለት ሌላ ሰው የለውም።"

"ማን ነህ ታዲያ?"

ሰባቱን ሊቆጥር ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

"ወላጆቼን የማላውቅ ሰው ነኝ" አለ። "የቆጠርኩልሽ ሁሉ የሰው ነው። የኔ የምለው ይሄ ወንድሜ ነው፣ አናጢ ነው፣ ከኔ ይልቅ እውነት ይወዳል። ልጅሽንም ይወዳታል። ስለ ዝምድናው ጉዳይ፣ የአልጋ እንጂ የደም አይደለም፤ ቅድም ደንግጬ ነው። እኔም..." እዚህ ላይ ሳሉ መጣበት፣ ቆይቶ ቀጠለ። "እኔም የዚህን ቤት እመቤት ሠላሳ ዓመት ወድጃታለሁ። በዚህ ግን ዋሽቼ አላውቅም።"

እማዬ ጠረጴዛውን መጥረጓን ተወች። ስትዞር ዕንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል፣ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ይታገላል።

"ትፈልጊዋለሽ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እፈልገዋለሁ።"

"ቶሎ ብሎ እሺ ማለት ደግ አይደለም፣ ይንቁናል። እናት ታስብበታለች በያቸው።"

በሩን ገርበብ አደረግኩት። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። አባዬ የሱሪውን እግር ገና አላወረደም፣ የአናጢውን ኮሌታ ግን እያስተካከለለት ነው። አናጢው ቀና ብሎ አየኝ፣ ዐይኑ ቀልቷል፣ ሊደብቀውም አልሞከረም። እንደዚያ ቀን አድርጌ ሁለቱንም ወድጃቸው አላውቅም።

"እናቴ ታስብበታለች" አልኳቸው። "እኔ ግን አስቤ ጨርሻለሁ" ብዬ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩላቸው።